አላረጀም፤ ገደልነው!

የወረዳውን ስም አንጠራም። ብንጠራው የሌሎቹ ወረዳዎች ሹማምንት «እነሱን ነው የተናገሩት» ብለው እፎይ ይላሉ፤ እኛ ደግሞ ማንም እፎይ እንዲል አንፈልግም።

ለሌላ ጉዳይ ነበር የሄድነው። የጤና ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ሦስት ላንድክሩዘሮች አየን። ሁለቱ ጎማቸው ተፈትቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሦስተኛዋ ጎን ላይ በቀይ ቀለም «አምቡላንስ» ይላል። ኮፈኖዋ ላይ በርበሬ ተሰጥቷል። በርበሬው፣ እውነቱን እንናገር፣ ጥሩ በርበሬ ነበር።

ዘበኛውን ጠየቅናቸው። «አባባ፣ ይቺ መኪና ምን ሆና ነው?»

«አርጅታ ነው ልጆቼ።»

ሾፌሩን ስናገኘው ጨዋታው ተለወጠ። ጋሼ (ስሙን ለራሱ ሲባል ትተነዋል) ለሃያ ዓመት ያህል የነዳ ሰው ነው። «187 ሺህ ላይ ነው የነከሰችው» አለን። በስንት ኪሎ ሜትር ዘይት ይቀየርላት እንደነበር ጠየቅነው። ሳቀ። «በኪሎ ሜትር? በደብዳቤ ነው እንጂ! እኔ እጽፋለሁ፣ ፋይናንስ ይመልሳል፣ እንደገና እጽፋለሁ። በዕድሜዋ ሰባት ጊዜ ቢቀየርላት ነው።» ትንሽ ዝም አለና ጨመረ፤ «አሁን ነፍሰ ጡሯ እንደ ድሮው በቃሬዛ ነው የምትመጣው።»

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ለዚያች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለ ሞተር ልናወራ ነው፤ ግን ስለ ብረት ብቻ የምናወራ እንዳይመስላችሁ።

187 ሺህ ለማን ነው እርጅና?

እንዲህ ባሉት ላንድክሩዘሮች ኮፈኖ ሥር በብዛት የሚገኘው ሞተር 1ኤችዜድ ይባላል። ቶዮታ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራው፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ናፍጣውን የሚመጥንለት ኮምፒዩተር የሌለው፣ የናፍጣ ሞተር ነው። ፍጥነት አይወድም። ዳገት ላይ ያቃስታል። ግን አይሞትም። በአግባቡ ከተያዘ ግማሽ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሳይከፈት መሄዱ ብርቅ አይደለም። የዕርዳታ ድርጅቶች ከበረሃ እስከ ጫካ ይህን መኪና የመረጡት ስለሚያምር አይደለም።

ስለዚህ 187 ሺህ ለዚህ ሞተር ጉርምስና ነው። በጉርምስናው የሞተ ሰው ቤት ሄዳችሁ «አርጅቶ ነው» ብትሉ ለቅሶ ቤቱ በሙሉ ይነሳባችኋል። መኪና ሲሆን ግን ሁላችንም አንገታችንን እንነቀንቃለን። «አዎ፣ አርጅቷል።»

አላረጀም፤ ገደልነው። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሐራጅ ሂዱ። በመንግሥት ግቢ «አርጅቶ» የተወገደውን መኪና አንድ ነጋዴ ይገዛዋል። ሶማሌ ተራ ሄዶ ዕቃውን ያሟላለታል፣ ሞተሩን ያሳድሰዋል፣ ከዚያ ዓመታት ይነዳዋል። መኪናው ያው ነው፤ የተለወጠው ባለቤቱ ነው። ነጋዴው መኪናው ሲቆም እንጀራው አብሮ እንደሚቆም ያውቃል። የእኛ ሹም ግን መኪናው ሲቆም አዲስ ይጠይቃል።

ሦስት በርሜል ዘይት

ሒሳብ እንሥራ፤ ከባድ አይደለም። በአቧራና በኮረኮንች ለሚሄድ እንዲህ ያለ ሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። አንድ ቅያሪ አሥር ሊትር ገደማ ይፈልጋል። መኪናው 300,000 ኪሎ ሜትር እስኪሄድ 60 ቅያሪ ማለት ነው፤ 600 ሊትር። አንድ በርሜል 200 ሊትር ይይዛል።

ሦስት በርሜል!

የአንድ ሞተር ሙሉ ጎልማሳነት በሦስት በርሜል ዘይትና በ60 ፊልትሮ ይገዛል። የዚያች አምቡላንስ ድርሻ እስከ ሞተችበት ቀን 37 ቅያሪ ነበር፤ ያገኘችው ሰባት ነው። የቀረው 30 ቅያሪ የት ሄደ? ያው ደብዳቤ ሆነ።

«ዘይት እኮ ይጨመርላት ነበር» የሚል አይጠፋም። ይህ በአገራችን ከተለመዱት ስህተቶች ሁሉ ውዱ ነው። የናፍጣ ሞተር ጥላሸት ያመርታል። ዘይቱ ውስጥ ያለው ኬሚካል ያንን ጥላሸት እየያዘ እንዳይጠጥር ያደርጋል። (የናፍጣ ዘይት ተቀይሮ ብዙም ሳይቆይ የሚጠቁረው ለዚህ ነው፤ መጥቆሩ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ነው የሚያሳየው።) ኬሚካሉ ግን ያልቃል። ሲያልቅ ጥላሸቱ ዝቃጭ ይሆንና የዘይት መተላለፊያውን ይደፍናል። ከዚያ ብሮንዚኑ ይደርቃል፣ ሞተሩ ይነክሳል። በቆሸሸ ዘይት ላይ አዲስ መጨመር በሻገተ ወጥ ላይ ቅቤ እንደመጨመር ነው። ይሸታል እንጂ አይድንም።

ሌላም ነገር አለ፤ ኪሎ ሜትር ብቻ መቁጠርም ያታልላል። አዲስ አበባ ውስጥ ስብሰባ ካለበት ሆቴል በር ላይ ቁሙና እዩ። አለቃ አዳራሽ ውስጥ ስለ ወጪ ቁጠባ ሥልጠና ይወስዳል፤ መኪናው ውጭ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሞተሩ ሳይጠፋ ይጠብቀዋል፤ ሲመለስ ቀዝቃዛ አየር እንዲያገኝ። ኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር አልጨመረም፤ ሞተሩ ግን ሠርቷል። ከሥራም ክፉውን ሥራ። ጭነት የሌለው የናፍጣ ሞተር በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ናፍጣውን በደንብ አያቃጥልም፣ ጥላሸቱ ይበዛል፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ መስታወት መስሎ ይለሰልስና ዘይት መብላት ይጀምራል።

ስለ ሐሰተኛ ዘይትም አንድ ቃል። ታዋቂ ስም የተለጠፈበት ጀሪካን ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው የሞላው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶውን ጀሪካን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ብሱት። ዛሬ በጥቂት ብር የሸጣችሁት ባዶ ጀሪካን ነገ ተሞልቶ ሊመለስባችሁ ይችላል።

እፍኝ የማይሞላ አቧራ

አቧራችን ውስጥ ያለው ኳርትዝ ሞተሩ ከተሠራበት ብረት ይጠነክራል። ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ ብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው። እፍኝ የማይሞላ አቧራ የስድስት ሲሊንደር ዕድሜ ይበላል።

ቶዮታ ይህን ስለሚያውቅ የአየር ፊልትሮውን ቤት አቧራውን እያሽከረከረ እንዲጥል አድርጎ ሠራው፤ ከሥሩም አቧራውን የምታፈስ ትንሽ የላስቲክ አፍ አደረገለት። አሁን ውጡና የምታውቁትን ሃርድቶፕ ኮፈኖ አስከፍቱ። ያቺ ላስቲክ አለች? በብዙዎቹ ላይ ወይ ተቀዳዳለች ወይ የለችም።

ፊልትሮውንማ ረዳቱ በኮምፕሬሰር ይነፋዋል፤ ከውጭ ወደ ውስጥ! አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ይቀብረዋል፣ ግፊቱ ከበዛም ወረቀቱን ይበሳዋል። መነፋት ያለበት ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በለዘበ ግፊት ነው። ያም ጥቂት ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ መቀየር ነው። አንድ ፈተና እንንገራችሁ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ከፊልትሮው አልፎ ወደ ሞተር በሚገባው ቱቦ ውስጥ ጣታችሁን ጨምራችሁ አብሱ። ጣታችሁ ላይ አቧራ ካለ ሞተራችሁ እየተሞረደ ነው። «መካኒኬ ይመቸዋል» የምትሉትን ሰው በጣታችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ።

ትኩሳቱን ሳይሆን ቴርሞሜትሩን

ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ92 ገደማ ነው። ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ሲላላ ያ መከላከያ ይጠፋል። ያቺን ትንሽ ክዳን የሚፈትሽ ግን የለም። ራዲያተሩ ውስጥ የሚገባውም የቧንቧ ውሃ፣ ሲብስም የወንዝ ውሃ ነው። ውሃው ይተንናል፣ ጨዉ ይቀራል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የራዲያተሩ ቱቦ የቤታችንን ማንቆርቆሪያ የውስጥ ግድግዳ ይመስላል።

ከዚያ መኪናው ይሞቃል፤ መካኒኩም «መፍትሔ» አለው፤ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥላል። ጎበዝ፣ ይህ ትኩሳት ለማዳን ቴርሞሜትር እንደመስበር ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም። ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ቶሎ ይበላል። ይባስ ብሎ በብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት የውስጥ አቋራጩን መንገድ ይዘጋል፤ እሱ ከሌለ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩ ጋ ሳይደርስ እየተመለሰ ዳገት ላይ ሙቀቱን ያብሰዋል። መጨረሻው የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው። ከዚያ የምንሰማውን ታውቁታላችሁ፤ «አርጅቶ ነው።»

ውሃ በሌላም በኩል ይመጣል፤ በናፍጣው። የዚህ ሞተር የናፍጣ ፖምፓ ሌላ ማለስለሻ የለውም፤ የሚለሰልሰው ራሱ በሚገፋው ናፍጣ ነው። ገጠር ከበርሜል የተቀዳ ናፍጣ ውሃ ሲኖረው፣ ወይም አንዱ «ብልጥ» ላምባ ሲቀላቅልበት፣ ፖምፓው በደረቁ ይፋተጋል። የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ውሃ ማፍሰሻ ቡሎን አለች። በእጅ ትፈታለች፣ ውሃው ይፈሳል፣ ትጠበቃለች። ሁለት ደቂቃ! ስንት ሾፌር ያውቃታል? አናውቅም ብሎ የሚስቅብንን ሾፌር አንወቅስም፤ መሪ አስጨብጦ ይህን ያላሳየውን መሥሪያ ቤት ግን እንወቅሳለን።

መብራቱን የመንቀል ባህል

ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የምትል መብራት አለች። መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ትበራለች። ትርጉሟ ቀላል ነው፤ የታይሚንጉን ቺንጋ ቀይሩ። ይህ ቺንጋ ሞተሩ እየሠራ ከተበጠሰ ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ይጋጫሉ። የአንድ ቺንጋ ወጪ የአንድ ሞተር ወጪ ይሆናል።

መብራቷ ስትበራ ምን እናደርጋለን? አምፖሏን እንነቅላለን። ወይም ፕላስተር እንለጥፍባታለን።

ከዚህ በላይ ራሳችንን የሚገልጽ ምልክት ፈልገን አጣን። ችግሩን የሚናገረውን ማጥፋት ችግሩን ከመፍታት ይቀለናል። ጭስም እንደዚሁ ነው። መኪና በጭስ ይናገራል፤ ጥቁር ጭስ «አየር አነሰኝ፣ ናፍጣ በዛብኝ» ነው፤ ሰማያዊ ጭስ «ዘይት እየበላሁ ነው» ነው፤ ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልተወ «ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው፣ ወይም የራዲያተር ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል» ነው። በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ፖምፓ እንጦጦ ላይ ያጨሳል። እኛ ግን ጉልበት እንዲጨምር ፖምፓውን እናስከፍታለን፤ ትንሽ ጉልበት፣ ብዙ ጥላሸት። ቦሎ ሲደርስ ለአንድ ቀን እናስተካክላለን፤ በማግስቱ ወደ ነበረበት።

«በጀት የለም»

የዚህ ሁሉ መልስ አንድ ነው፤ «በጀት የለም።» ውሸት ነው። ወይም ግማሽ እውነት ነው፤ እሱ ደግሞ ከውሸት ይከፋል።

መኪና የሚገዛው በካፒታል በጀት ወይም በለጋሽ ገንዘብ ነው። ሪባን ይቆረጣል፣ ቁልፍ ይረከባል፣ ካሜራ ይመጣል። ዘይቱ ግን የሚገዛው በመደበኛ በጀት ነው፤ ከደመወዝ የተረፈችው፣ ሐምሌ ላይ ተመድባ ኅዳር ሳይሞላ የምታልቀዋ በጀት። ለጋሹም አይሻልም፤ መኪናውን ሰጥቶ ተርማውን ለጥፎ ይሄዳል። ፊልትሮ ላይ ስም አይለጠፍማ! ሰኔ ሲመጣ ደግሞ «በጀቱ እንዳይመለስ» ተብሎ ወንበር ይገዛል፣ መጋረጃ ይገዛል። ሦስት በርሜል ዘይት ግን አይገዛም። ዘይት ሲቀየር የመረቀ ባለሥልጣን አይተን አናውቅም።

የማይፈለገው ደግሞ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ተጠያቂው ነው። 187 ሺህ ላይ ለሞተች አምቡላንስ ማን ተጠየቀ? ሾፌሩ፣ እሱም ቢሆን «አጠፋህ» ተብሎ። የዘይት ደብዳቤውን የመለሰው ሰው ግን ወንበሩ ላይ ነው። ያን የመሰለ ወንበር! (ሰኔ ላይ የተገዛው ሳይሆን አይቀርም።)

«ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው»

ይህን ጽሑፍ ለአንድ ጓደኛችን ብናነብለት «እናንተ ደግሞ ሙዚየም ውስጥ ናችሁ» አለን። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል፤ ናፍጣ አለቀለት፤ ምን ያደክማችኋል?

ክርክሩን እናከብረዋለን፤ ድምዳሜው ግን የተገለበጠ ነው። አዲስ መግባቱ ሲጠብ ያለው ይከብዳል እንጂ አይቀልም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ፖምፓውም፣ ኖዝሉም፣ ቴስታታውም በዶላር ነው የሚመጡት። በትናንቱ ዋጋ ሞተር መግደል ብክነት ነበር። በዛሬው ዋጋ እብደት ነው።

ደግሞስ ያቺ ወረዳ ባትሪ የምትሞላው የት ነው? አንድ ቀን ትሞላ ይሆናል፤ እንመኝላታለን። እስከዚያ ቀን ግን ነፍሰ ጡሯን የሚያመጣው ናፍጣ ነው፤ ወይም ቃሬዛ።

ከሁሉም በላይ፣ የቲ-ቤልትን አምፖል የሚነቅል እጅ የኤሌክትሪክ መኪናንም አስጠንቃቂ መብራት ይነቅላል። ባትሪውም ማቀዝቀዣ ውሃ አለው፣ ቶሎ የሚበላ ጎማ አለው፣ አቧራና ኮረኮንች የሚጎዱት አካል አለው። በሽታው ናፍጣው ውስጥ አይደለም። እኛ ውስጥ ነው።

እኛስ?

ሹሙን ሰድበን እንዳንጨርስ። ሹሙ ከሰማይ አልወረደም፤ የእኛው ታላቅ ወንድም ነው። እኛ ወጣቶቹ ቪኤይት ተደግፈን ፎቶ እንነሣለን፤ ኮፈኖ መክፈት ግን «የጋራዥ ልጅ» ሥራ ነው እንላለን። ዘይት የነካ እጅ እንንቃለን። ጎበዝ ተማሪ ሐኪም ወይም ኢንጂነር ይሆናል፤ «ያልሆነለት» ጋራዥ ይገባል። እንዲህ እያሰብን መካኒኩ ቴርሞስታት ሲጥል ምን ያስገርመናል? መመሪያውን በሚያውቀው ቋንቋ ሰጥተነው ነበር? ሙያውን አክብረን እናውቃለን?

የአባቶቻችን ዘመን ሾፌር ጠዋት ሳይነሳ ዘይት ይለካ፣ ውሃ ያይ፣ ጎማ በእግሩ ይመታ ነበር። እኛ ሳቅንበት፤ «ፋራ» አልነው። የፋራው መኪና እስካሁን ይሄዳል።

ስለዚህ ከሹሙ የምንጠይቀው አንድ ወረቀት ነው። በየመኪናው ውስጥ የምትቀመጥ፣ ዘይት የተቀየረበት ኪሎ ሜትርና ቀን የሚጻፍባት፣ ሾፌሩም የሒሳብ ሹሙም የሚፈርሙባት ወረቀት። ደብዳቤውን የመለሰው ሰው ስሙ እዚያ ይጻፍ። መኪናው ሲሞት ወረቀቷ ትነበብ። ከራሳችን የምንጠይቀው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፤ የአባታችንን፣ የመሥሪያ ቤታችንን፣ የምንሳፈርበትን መኪና ዳሽቦርድ ስናይ የበራች መብራት ካለች «ይህ ምንድን ነው?» ብለን መጠየቅ። እስኪመለስልን ድረስ መጠየቅ።

ከወረዳው ስንወጣ ዘበኛው በሩን ከፈቱልን። «መኪናዋን የሚወስድ ሰው ይመጣል ይላሉ፤ በሐራጅ» አሉን። ከዚያ ፈገግ አሉ። «የት አሰጣ ይሆን በርበሬውን?»

አባባ፣ አይጨነቁ። በዚህ አያያዛችን ሌላ ኮፈኖ አይጠፋም።